የእሁድ ከሰዓት ጨለማ

ሰሞኑን የጠረጴዛ መብራቴን ከቁም ሣጥኑ አናት አውርጄ ሰካሁት። ዓመት ከምናምን ማንም ያልነካው ነው፤ አምፖሉ ገና ሞቅ ሲል በላዩ የተኛው አቧራ መቃጠል ጀመረ። ያን ሽታ ታውቁታላችሁ? ክፉም አይደል፣ ሸጋም አይደል፤ ፀጉር እሳት ሲነካው የሚሸተውን ትንሽ ይመስላል። እጄ ሶኬቱ ላይ እንዳለ ቀረሁ። እኔ እኮ ሥራ ልሠራ ነበር የተቀመጥኩት! ሥራው ቀረና ዘጠኝ ዓመቴ ሆነ፤ ጎንደር ፒያሳ፣ ጣሊያን ሠርቶት በሄደው አሮጌ ሲኒማ ቤት እናቴ ጎን ተቀመጥኩ።

የዚያ ሲኒማ ቤት መብራት እንዲህ ነበር የሚሸተው። አዳራሹ ያለው አንድ አምፖል ነው፤ ከጣሪያው በረጅም ሽቦ ከኛ መቀመጫ በላይ ተንጠልጥሏል። ጣሪያው ሲቀባ ኖራ ተረጭቶበት ግማሽ ፊቱ ነጭ ነበር። በበራ ቁጥር አቧራውን ያቃጥላል። ያን ሰሞን፣ ከዓቢይ ጾም እስከ ዝናም መግቢያ፣ ያን አምፖል ያየሁትን ያህል የሰው ፊት አላየሁም ብል ብዙም አልዋሸሁ።

ከእናቴ በፊት ሲኒማ የሚወስደኝ ወንድሜ አስናቀ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ አንገተ ረጅም፣ ሳቁ ከሩቅ የሚታወቅ። አባታችን እኔ ጡት ሳልጥል በወባ ስለሞተ፣ አስናቀ ወንድሜም አባቴም ጓደኛዬም ነበር። ፊልሙ ጣሊያንኛ ይሁን ሕንድኛ ለሱ ልዩነት የለውም፤ ጆሮዬ ሥር ገብቶ ይተረጉምልኛል።

«አሁን ምን አለቻት?»

«ሽሮው ሊያር ነው፣ ነይ አማስይው አለቻት።»

በፈረስ ጋሪ የምትንፈላሰስ ባለ ባርኔጣ ሴትዮ ስለ ሽሮ ምን ታውቃለች ብዬ አልጠረጠርኩም። አስናቀ ካለ፣ አለ ነው። አብሮን የሚያየው ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኛ የምንስቅበት ጊዜ ነበር። ሲኒማ ማለት ለኔ የአስናቀ ድምፅ ነበር፤ ሥዕሉ ምርቃት ነው።

በዚያ ዓመት ጥምቀት ባለፈ ሰሞን አስናቀ ትምህርት ቤት እንደሄደ አልተመለሰም። ዘመኑ ቀይ ሽብር ነው፤ ወጣት መሆን ብቻውን ወንጀል የሆነበት ጊዜ። ያዙት፤ ከጓደኞቹ ጋር ገደሉት። በአጭሩ ነገርኳችሁ፤ ቢረዝምም ያው ነው። እናቴ ሬሳውን አላገኘችም። ያገኘችው ቀበሌ ጠርተው የነገሯትን ትእዛዝ ነው። ለአብዮት ጠላት አይለቀስም። ጥቁር መልበስ የለም፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ማስተዛዘን የለም፤ ስታለቅስ የተገኘች እናት ራሷ ትጠየቃለች።

ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔ አላውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? እናቴ ለኔ የነገረችኝ ሌላ ነበር።

«አስናቀ ኮላ ድባ ነው። የገበሬ ልጆች ሊያስተምር ሄዷል።»

«ሳይሰናበተኝ?»

«ማኪናው ቸኩሎበት ነው» አለችና ጫማዋን መጥረግ ጀመረች። ጫማው ንጹሕ ነበር።

እናቴ የሆስፒታል ነርስ ናት፤ ሰፈሩ «ሲስተር» ነው የሚላት። ጥቁር ልበሽ ቢሏትስ መቼ ትለብሰው ነበር? ነጭ ለብሳ ትወጣለች፣ ነጭ ለብሳ ትገባለች፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ቁስል ታጥባለች። ቤት ስትመጣ ፊቷ እንደታጠበ ሳህን ባዶ ነው። በኔ የተቆጣች ይመስለኝ ነበር። አስናቀም እኔን ሰልችቶ ኮላ ድባን የመረጠ ይመስለኝ ነበር። እንዲያው እዚያ ምን የኔን የሚያህል ነገር አገኘ?

ብቸኝነት እንዴት እንደሚመጣ ልንገራችሁ፤ አንኳኩቶ አይመጣም። ሮማን የምትባል እኩያዬ በጭቃ ግድግዳ ተለያይተን ጎን ለጎን ነበር የምንኖር። ግድግዳው ከመሳሳቱ የተነሣ እሷ ስታስነጥስ እኔ «ይማርሽ» እላታለሁ። አንድ ቀን «ይማርሽ» ብዬ መልስ አጣሁ። ማግስቱን የመዝለያ ገመድ ይዤ በራቸው ላይ ብቆም እናቷ እትዬ ጥሩወርቅ ወጡና ራሴን ዳሰሱኝ። «ትርንጎዬ፣ ሮማን ጉንፋን ይዟታል» አሉኝ፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ። ለጉንፋን እንዲህ የሚያለቅሱ ሰው አይቼ አላውቅም። ሮማን ደግሞ ከኋላቸው ደህና ሆና ቆማ ነበር። ትምህርት ቤትም አብራኝ የምትቀመጠው ልጅ ቦታ ቀየረች። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ብቻ የደረስኩበት ቦታ ሁሉ ወዲያው ሰፊ ይሆንልኛል።

ቅዳሜ ገበያ ከእናቴ ጋር ስንወጣ አንዲት ነጭ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ከኮላ ድባ መምጣቷን ለሌላ ገበያተኛ ስትናገር ሰማሁ። ልቤ ዘለለ። ሮጬ ፊቷ ቁጢጥ አልኩ።

«አስናቀን ታውቂዋለሽ? ረጅም ነው፤ ያስተምራል።»

ሴትየዋ ሳቅ ብላ ልትመልስልኝ ቀና አለችና ከኋላዬ የቆመችውን እናቴን አየች። ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። ያን ጊዜ የእናቴን ፊት እኔ አላየሁትም፤ ሴትየዋ ግን አየችው።

«ኧረ አውቀዋለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ሸጋ ልጅ! ደህና ነው፣ ምንም አልሆነ። እታለምን ሰላም በይልኝ ብሎኛል።»

ስሜ ትርንጎ ነው፤ እታለም ብሎኝ አያውቅም። ግን እዚያ ሲሄድ የተማረው ቁልምጫ ይሆናል ብዬ ደስ አለኝ። እናቴ ከሴትየዋ ነጭ ሽንኩርት ገዛች፣ ደግማ ገዛች፣ ዘንቢሉ እስኪሞላ ገዛች። ፋሲካ ድረስ ወጣችን ሁሉ ነጭ ሽንኩርት ነበር።

እናቴ «ሲኒማ የሥራ ፈት ቤት ነው» የምትል ሰው ነበረች። ዓቢይ ጾም ከገባ በኋላ አንድ እሁድ ከምሳ ስንነሣ፣ «ነጠላሽን ልበሺ፤ ሲኒማ ልወስድሽ ነው» አለችኝ።

«በጾም?»

«በጾም።»

ያን ጊዜ መንገዱ በውጊያ ተዘግቶ ከአዲስ አበባ የመጣው ፊልም መመለሻ አጥቶ፣ አዲስም መምጫ አጥቶ ነበር። ሲኒማ ቤቱ ምን ያድርግ? እሁድ በመጣ ቁጥር ከሰዓት በኋላ ያንኑ አንዱን ፊልም ያሳያል። ስሙን አላስታውስም። የውጭ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ይባል እንጂ ነጩ እምብዛም አልነበረም። የኔ እኩያ የሆነች ልጅ ባሕር ዳር ባለ ትልቅ ጨለማ ቤት ብቻዋን ትኖራለች። ፋኖስ ይዛ ደረጃ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ሚስማር ላይ የተሰቀለ የወንድ ካፖርት አውርዳ ታናግረዋለች፤ ወንበር ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ሳህን ታቀርብለታለች። ነፋሱ ያፏጫል። መጨረሻ ላይ ፋኖሱ ይጠፋና፣ እሷ ከባዶው ካፖርት ፊት ለፊት እንደተቀመጠች፣ በሩ ቀስ ብሎ ሲከፈት ያበቃል። ማን ከፈተው? አይታይም።

የሚተረጉምልኝ ስላልነበረ ራሴ ተረጎምኩት። ልጅቱን ብርቄ አልኳት። ካፖርቱ የወንድሟ ነው። እሱ ሩቅ አገር ሄዷል፤ እሷ ግን ምሳውን እያቀረበች፣ ወሬ እያወራችለት ስለቆየች መንገዱን አልረሳም። በሩን የከፈተው እሱ ነው። ሌላ ማን ይሆናል?

አዳራሹ ተለውጦ ነበር። ድሮ ከፊት ተቀምጠው የሚያፏጩ ጎረምሶች አንድም የሉም። የሞላው እናት ብቻ ነው፤ ሲኒማ ረግጠው የማያውቁ፣ ወንበሩ ሲታጠፍባቸው የሚደነግጡ እናቶች። መብራቱ እንደጠፋ እናቴ ነጠላዋን ገለበጠችና ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ አዘቀዘቀችው። ዙሪያውን ሁሉ የነጠላ ኮሽታ ሰማሁ። የሲኒማ ደንብ መስሎኝ እኔም የኔን አዘቀዘቅሁ። ከዚያ ከኋላ አንዲት ሴት ተንሰቀሰቀች። አንዷ ተቀበለቻት። እናቴ አፏን በነጠላዋ አፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ለብርቄ የሚያለቅሱ መሰለኝ። ጎንደር እንዲህ አዛኝ ሰው አለው እንዴ! ደግሞም ቀናሁ። እኔም እኮ ብቻዬን ነኝ፤ ምነው ለኔ የሚያለቅስ የለ?

ሲኒማ ቤቱ ያለው አንድ ማሽን ነው፤ አንዱ ጥቅል ሲያልቅ ሌላው እስኪገባ መብራት ይበራል። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት አያ ደርበው የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ፊልሙ ከሚወጣበት ቀዳዳ ከኋላ ሆነው ድምፃቸው ብቻ ይሰማል። መብራቱን ከማብራታቸው በፊት «እህህ! እህህ!» ብለው በኃይል ያስላሉ። ሳላቸው እንደተሰማ እናቶቹ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፤ ነጠላው እንደወትሮው ይመለሳል፤ አንዳንዷም ቆሎ አውጥታ ትቆረጥማለች። አምፖሉ ይበራል፣ አቧራው ይሸታል። ጠመንጃ ያነገተው የአብዮት ጥበቃ ልጅ በመጋረጃው አንገቱን አስግጎ ያየናል። ከኛ ምን ያያል? ሴት ወይዘሮ ቆሎ ስትበላ። መብራቱ ሲጠፋ ልቅሶው ካቆመበት ይቀጥላል። የጥበቃው ልጅ ፊልሙን አንዴ አይቶት፣ «ይችን ልጅ የለከፋት አለ፤ ጠበል ይውሰዷት» ብሎ ደረጃው ላይ ፀሐይ መሞቅ መርጦ ነበር። እግዜር ይስጠው፣ ጥሩ መረጠ።

ከዚያ ወዲያ እሁድን አላጓደልንም። እኔ ብርቄን ላይ፣ እናቴ ልጇን ልትቀብር። እሷ የመጣችበትን እኔ አላውቅ፣ እኔ የመጣሁበትን እሷ አታውቅ፤ አንድ ነጠላ ተከናንበን ነበር የምንመለስ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ በራችን ላይ «ሲኒማ» ስጫወት እናቴ ደረሰች። ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ የአስናቀን ኮት በርጩማ ላይ አስቀምጬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንደ እናቶቹ አለቅሳለሁ። አላፊ አግዳሚው ዞር እያለ ያልፋል። እናቴ ሮጣ መጥታ ነጠላውን ከላዬ ገፈፈችው፤ ክንዴን ይዛ ወደ ቤት አስገባችኝና በሩን ዘጋች። የምትመታኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ነጠላውን መልሳ በደንቡ አለበሰችኝና «ይሄ የጨለማ ነው፤ ደጅ አይደረግም» አለችኝ።

«ለምን?»

«አንቺ ልጅ፣ ለምን አትበይኝ በፈጠረሽ!»

ከዚያ ወዲህ ጨዋታዬን ወደ ውስጥ አገባሁት። እኛ ቤት ለቀረ ሰው ድርሻው ይቀመጣል፤ ሳህኑ በሌላ ሳህን ተከድኖ መደቡ ጥግ ይቆያል። አስናቀ ማታ ሲያመሽ ሁሌ እንዲያ ነበር። እናቴ ሥራ ስትሆን የኔን ምሳ እካፈልና ግማሹን በሱ ሳህን አድርጌ እከድንለታለሁ፤ ጣሳውን ውሃ እሞላለታለሁ። ኮቱን ከሚስማሩ አውርጄ በርጩማው ላይ አስቀምጣለሁ። ወሬ አወራዋለሁ።

«ብላ እንጂ አስንዬ፤ ነጭ ሽንኩርት በዛበት አይደል? እማ ናት እኮ የምትጨምረው። ሮማን አሁንም ጉንፋን ይዟታል። አንተ ተርጉምልኝ እስቲ፤ ሰው ሁሉ ምን እያለ ነው?»

አንዳንዴ ድምፄን ወፈር አድርጌ እሱን ሆኜ እመልሳለሁ። ከዚያ ወደ በሩ አያለሁ። የብርቄም ወንድም ለመምጣት ጊዜ ወስዶበታል፤ የኔም ይወስድበታል።

ግድግዳ ጆሮ አለው ሲሉ ለኛ ሰፈር ግድግዳ ተረት አልነበረም። ሮማን በወዲያ በኩል ሆና ሁለት ድምፅ ሰማች። ምስኪን፣ እሷም ናፍቃኝ ጆሮዋን ለጥፋ ትውል ነበር ለካ! ለእናቷ ብትነግር፣ «ዋ! ትንፍሽ እንዳትይ» አሏት። የልጅ ምላስ መቼ ይታሰራል? በቀበሌው የሕፃናት መዝሙር ልምምድ ላይ አንዷ ልጅ፣ «የትርንጎ ወንድም የለም» ስትላት ሮማን ለኔ ብላ ተከራከረች። «አለ! ቤታቸው ነው። ምሳ ሲበላ ሰምቻለሁ» አለች።

እናቴ ለምሳ የመጣችበት ቀን ነበር። እኔ ጎበዝ ነኝና የአስናቀን ሳህን ከድኜ፣ ኮቱን ቦታው አስቀምጬ ነበር የጠበቅኋት። እናቴ አይታው መደቡ ላይ ቁጭ አለች። ያን ጊዜ በሩ ተከፈተ። ማንም አላንኳኳም፤ ልክ እንደ ፊልሙ፣ ቀስ ብሎ ተከፈተ። «መጣ!» ብዬ ተነሣሁ።

የገባው ጓድ ፈለቀ ነበር፤ ሁለት ጠመንጃ የያዙ ልጆች አስከትሎ። ጓድ ፈለቀ ድሮ አያ ፈለቀ ነበር፤ በራችን ፊት ለፊት ጫማ ይሰፋ የነበረ፣ የአስናቀን ኳስ ስንቴ የጠገነ ሰው ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ «አያ» ያለው ሰው ይቀየመዋል።

ሳህኑን አየ። ኮቱን አየ። ክዳኑን አነሣው፤ ሽሮው ገና ይተናል።

«ይሄ የማን ነው?»

እናቴ ብድግ አለች። «የ... የኔ ነው» አለች።

«ያንቺማ ፊት ለፊትሽ ነው። ይሄኛው?»

እናቴ ስትዋሽ ማየት አልወደድኩም፤ መለስኩለት። «የአስናቀ ነው።»

ልጆቹ ጠመንጃቸውን አቀባበሉ። የአልጋው ፍራሽ ተገለበጠ፤ የእህሉ ጎታ በሳንጃ ተወጋ፤ አንዱ ጣሪያውን በሰደፍ እየመታ ጥቀርሻውን አራገፈብን። እናቴ መሐል ወለል ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች፤ ነጭ ጋዎኗ በጥቀርሻ ጠቆረ። እኔ ተናደድኩ። ቤቱን ያጸዳሁት እኔ ነኛ!

«እንዲያ አይገኝም!» ብዬ ጮህኩ። «ገና አልመጣም። ከኮላ ድባ ነው የሚመጣ። ምሳውን እየከደንኩ ከጠበቅሁት በሩ ይከፈትና ይገባል። ሲኒማው ላይ እንዲያ ነው።»

አንዱ ልጅ ሳቅ አመለጠው። ጓድ ፈለቀ አልሳቀም። እኔን አየኝ፣ በርጩማው ላይ የተቀመጠውን ኮት አየ፣ ከዚያ ወደ እናቴ ዞረ።

«ሲስተር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለልጅቱ አልነገርሻትም እንዴ?»

እናቴ ከዚያ ቀን በፊት ለነዚያ ሰዎች ከ«እሺ» ሌላ ቃል ስትመልስ ሰምቼ አላውቅም።

«አታልቅሺ አላችሁኝ» አለች። «እሺ አልኩ። ሳላለቅስ እንዴት አድርጌ ልንገራት? እስቲ አንተ ልጅ አለህ፤ አሳየኝ። እንዴት ነው የሚነገረው?»

ጓድ ፈለቀ የያዘውን ክዳን አገላበጠው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሳህኑን ራሱ ከደነው፤ ጠርዙ ከጠርዙ እስኪገጥም አስተካክሎ።

«አንሡት» አለ። «ሰው ያያል። እንሂድ፣ ምንም የለም እዚህ።»

እናቴ እጇን ታጠበች። የአስናቀን ሳህን ገልጣ ወደኛ ትሪ ገለበጠችው። «ነይ እንብላለት» አለችኝ። በላን። እየበላን ሳለ፣ ልጅ ሞኝ አይደለም፣ ሆዴ አንድ ነገር ነግሮኝ ነበር።

«እማ፣ ምንድን ነው የምትነግሪኝ?»

«እሁድ እነግርሻለሁ።»

«ምነው አሁን?»

«እሁድ አልኩሽ፣ ትርንጎዬ።» ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ግን አንድ ጠብታ አልወረደም። ሐሙስ ነበር። ሐሙስን፣ ዓርብን፣ ቅዳሜን ሁለታችንም ጠበቅናቸው፤ ያን ያህል የረዘመ ሦስት ቀን ኖሬ አላውቅም።

እሁድ ስንደርስ አያ ደርበው ከማሽን ክፍላቸው ወርደው በር ላይ ቆመዋል። እስከዚያ ቀን ፊታቸውን አይቼ አላውቅም፤ አጭር፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ ሰው ናቸው።

«እናቶች፣ የዛሬው መጨረሻው ነው» ይላሉ ለገባችው ሁሉ። «መንገዱ ተከፈተ። ፊልሙ ነገ በማኪና ይጫናል። ሰኔ ላይ አዲስ ይመጣል ተብሏል፤ የሳቅ ነው አሉ።»

«የሳቅ!» አለች አንዲት አሮጊት፤ ቀምተዋት የሚሄዱ ይመስል ነጠላዋን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ገባች። እኔም ለብርቄ ሆዴ ባባ። እዚያ ጨለማ ቤት ብቻዋን ጭነው ሊወስዷት ነው።

መብራቱ ጠፋ፤ ነጠላው ኮሽ አለ። ብርቄ ፋኖሷን ይዛ ደረጃውን ወጣች። እናቴ ጎተት አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችኝ።

«አስናቀ እንዴት አድርጎ ነበር የሚነግርሽ?»

«እዚህ» አልኳት፣ ጆሮዬን አሳይቼ።

አፏን ጆሮዬ ሥር አደረገች። ትንፋሿ ይሞቃል። «ኮላ ድባ የለም» አለችኝ። «የትም የለም፣ ልጄ። ገድለውብናል። ጥምቀት ያለፈ ጊዜ ነው። እኔ ነኝ የደበቅሁሽ። አንቺን ጠልቶ አይደለም የቀረው፤ ሰማሽ? ሊመጣ እየፈለገ ነው የቀረው።»

ቀና ብዬ ሥዕሉን አየሁ። ብርቄ ካፖርቱን ከሚስማሩ ታወርዳለች። በዚያች ቅጽበት ትርጉሙ ጠፋብኝ፤ ካፖርቱ ካፖርት ብቻ ሆነ። ከዚያ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ልቅሶ ፈነቀለኝ። እናቴ አፌን አላፈነችም። ራሷም ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከነጠላዋ አላቀቀችው። አያ ደርበው ሲያስሉ እየጠረግን፣ ሲያጠፉ እየጀመርን፣ ጥቅሉ በጥቅል ላይ አለቀ። ዙሪያዬን ሰማሁ፤ ለብርቄ ያለቀሰ አንድም ሰው ኖሮ አያውቅም ለካ!

መጨረሻው ደረሰ። ፋኖሱ ጠፋ፤ በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ፤ ሸራው ነጣ፣ ጠቆረ። ሳሉን ጠበቅን። ሳል የለም። መብራት የለም። ድቅድቅ ጨለማ።

ከዚያ ከላይ፣ ከቀዳዳው፣ የአያ ደርበው ድምፅ መጣ። «እናቶች፣ አትነሡ! አምፖል ተቃጥሎብኛል። ባላችሁበት ቆዩ። እስክቀይረው ጊዜ ይፈጃል።»

«ምንድን ነው እሱ? አብሩት እንጂ!» አለ የጥበቃው ልጅ ከመጋረጃው ወዲያ።

«አንተ ልጅ፣ ኤሌክትሪክ ጨዋታ መሰለህ? ሽቦው ተልጧል፤ እንዳትገባ፣ ይነዝርሃል!»

ልጁ አልገባም። ከዚያ ያቺ አሮጊት ከፊታችን፣ ድምፅዋን ሳትደብቅ፣ «ልጄ መኮንን!» አለች። ስም ሲጠራ ያን ቀን ነው በዚያ ቤት የሰማሁት። ከግድግዳው በኩል ሌላዋ የልጇን ስም ጠራች። ከኋላ አንዷ ሁለት ስም ጠራች፤ ሁለት ልጆች። ደረት ሲመታ ሰማሁ። በደንብ፣ ልክ እንደ ልቅሶ ቤት። እናቴ አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰችና፣ «አስናቀ!» አለች። «አስንዬ! አንገተ ሎጋዬ!» እኔም ጠራሁት። የቻልኩትን ያህል ጮሄ ጠራሁት።

አያ ደርበው ያን አምፖል ሲቀይሩ ብዙ ቆዩ። ልቅሶው ራሱ በርዶ፣ እናቶቹ ራሳቸው ዝም እስኪሉ ቆዩ። ከዚያ «እህህ!» አሉ፤ ለስለስ ያለ ሳል ነበር። ነጠላው ተመለሰ። አሮጊቷ ወደ ኋላ ሳትዞር እጇን ሰዳ የእናቴን ጉልበት ያዘችና «እግዜር ያጽናሽ» አለቻት። እናቴን እግዜር ያጽናሽ ያላት የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት፤ ስሟን አናውቀውም።

መብራቱ በራ። የተቀየረውን አዲስ አምፖል ላይ ብዬ ቀና አልኩ። ግማሽ ፊቱን ኖራ የነካው፣ ያው የድሮው አምፖል ነበር፤ አቧራውን እያቃጠለ።